ቆሞ የሚተነፍስ ጎማ

በአራተኛው ቀንም የኋላው ግራ ጎማ ተንፍሶ አደረ።

ሲስተር ይህን ለማወቅ ከመኪናዋ መውረድ አላስፈለጋትም። ሻይዋን ቀድታ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ ብርጭቆው ቀስ እያለ ወደ ግራ ተንሸራተተ። «ተነስ፣ ያው ነው» አለች። ባሏ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ። ሰምቷታል።

ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመት ቢሆናትም ሰው ሁሉ፣ ባሏም ጭምር፣ ሲስተር ነው የሚላት። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ስትሠራ ግማሹን ያሳለፈችው ድንገተኛ ክፍል ነው። እሱ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ስሙም ሹፌሩ ሆኖ ቀርቷል። አንድም ቀን ሳያጋጭ መጨረሱን የሚመሰክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። ከጡረታ በኋላ ያረጀች ረጅም ሚኒባስ ገዝተው ቤት አደረጓት። አልጋ ገባላት፣ ምድጃ ገባላት፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ገባላት፤ መጋረጃውን ሲስተር ሰፋችው። ጎረቤቶቻቸው «እነዚህ ሰዎች ከእኛ ለመሸሽ ብለው ቤታቸውን ጎማ አስገጠሙለት» እያሉ ሳቁ።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዟቸው ወደ እትዬ ነበር። እትዬ የሲስተር ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ሲሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው እየደከመ ሄዷል። «ጨርሶ ሳይከዳኝ ያደግንበትን ሐይቅ አንዴ ልየው» ስላሉ፣ ማክሰኞ መጥተን እንወስድዎታለን ተባሉ። አሁን ዓርብ ነው። መኪናዋ ከእትዬ ቤት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ሲቀራት፣ አንድ የመንገድ ዳር ጎሚስታ በር ላይ ተገትራለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሹፌሩ «የቫልቭ ጣጣ ነው» አለ። ቫልቩ ተቀየረ። ረቡዕ ተንፍሶ ሲያድር «ጎማው ራሱ አርጅቷል» አለ። አዲስ ጎማ ገባ። ሐሙስ ደግሞ ዝገት ነው ተባለና ጎሚስታው ጎማው የሚቀመጥበትን ብረት፣ ቸርኬውን ማለት ነው፣ ከንፈሩን በብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገው። ሁሌም ጎማውን ከነቸርኬው፣ እሱ እግር የሚለውን፣ ፈትቶ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይነክረዋል፤ ሁሌም አንዲት አረፋ አትወጣም።

«ይኸው ውሃው እማኝ ነው፣ ሲስተር» ይላል ጎሚስታው በዘይት የጠቆረ እጁን እየዘረጋ። «እግሩ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ ከሆነ ለምን በየጠዋቱ ይሞታል?»

«እሱን ፈጣሪ ይወቀው።»

ገና በመጀመሪያው ቀን ለባሏ «ቸርኬው ተሰንጥቆ ቢሆንስ?» ብላው ነበር። ሹፌሩ እንደ ሕፃን አያት። «ቸርኬ ብረት ነው። ብረት ይተነፍሳል እንዴ? አንቺ ስለ ሳንባ ስታወሪ ጣልቃ ገብቼብሽ አውቃለሁ?» ረቡዕም አነሳችው፤ ሐሙስም። ሐሙስ ዕለት ቃሏን ሳትጨርስ ኮፍያውን አንስቶ ሄደ። እሷን ያበገናት አለማወቁ አይደለም። ሰው ላያውቅ ይችላል። ያበገናት ቸርኬ የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ፊቱን የሚያዞርበት ፍጥነት ነው።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ዛሬስ?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ትንሽ ነገር ይቀረናል...»

«ሻንጣዬ ከማክሰኞ ጀምሮ በር ላይ ነው። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ‹ሊሄዱ ነው ወይስ መጥተው ነው?› እያለ ያደርቀኛል።»

ሲስተር ስልኩን ዘግታ ጎሚስታው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች። ጎሚስታው እግሩን ለአራተኛ ጊዜ ሊፈታ ክሪኩን እየገፋ መጣ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለላት። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተኝቶ ምንም የማይለው፣ ሲያቆሙት ግን የሚጮኽ በሽተኛ ስንቱን አይታለች!

«አትፍታው» አለች። «ሁልጊዜ የምትመረምሩት አስተኝታችሁ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ምንም አልተጫነውም። ቤቱን ሙሉ ተሸክሞ ቆሞ ሳለ እንየው።»

መጀመሪያ ጎማውን አስነፋች። ከዚያ ከመድኃኒት ሳጥኗ ትልቁን ሲሪንጅ አወጣች፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጠበጠች፤ ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ መኪናዋ ሥር ገባች። ሹፌሩ «አንቺ ሴትዮ፣ ወገብሽን!» እያለ ከላይ ይጮኻል። እሷ በእጅ ባትሪ እያበራች ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ዙሪያውን በሳሙና ረጨችው። አንድ ጎን ደረቅ ነው። ሌላውም ደረቅ ነው። ከታች፣ መሬቱ አጠገብ ግን፣ ስስ ነጭ አረፋ በቀጭኑ ተሰልፎ መፍላት ጀመረ።

«ና ውረድ!» አለች ጎሚስታውን። ሰውየው ሆዱ ትልቅ ስለሆነ እስከ ደረቱ ብቻ ገባ። በባትሪው አተኩሮ አየ። ከዚያ «ኧረ በሕግ!» አለ። «የጣት ርዝመት አለው። ስንጥቁ የሚከፈተው ሲጫነው ነው ማለት ነው፤ ስፈታው ይገጥማል።» እጁን ሰዶ የቸርኬውን ጠርዝ ዳበሰ። «ደግሞ ይኸው ምቱ። ጎድጉዷል። ከአንድ ነገር ጋር በደንብ ተላትማችኋል።»

«እኛ? እኛ ምንም አልነካን» አለች ሲስተር።

አንገቷን ከመኪናዋ ሥር አወጣች። ሹፌሩ ኮምፕሬሰሩን ያየዋል። በሕይወቱ ኮምፕሬሰር አይቶ የማያውቅ ሰው ይመስላል።

«አንተ ሰውዬ።»

«ሰኞ ማታ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነዳጅ ማደያው ጋ ስታጠፍ፣ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ትንሽ ዘለል ብላ...»

«ተኝቼ ራሴን መደርደሪያው የመታኝ ያኔ ነው? ጉድጓድ ነው ያልከኝ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጭረት አላደረስኩም፣ ሲስተር። በመጀመሪያው ጉዟችን፣ ያውም በራሳችን መኪና... አፌ እምቢ አለኝ።»

መላተሙ ሲስተርን አላናደዳትም። በሽተኛ የዋሻት ቀን ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ የተሳሳተ መድኃኒት ነው የሚከተለው። ቫልቩም፣ አዲሱ ጎማም፣ ብሩሹም የተሳሳተ መድኃኒት ነበር። እህቷም አራት ቀን በር ላይ ቁጭ ብለዋል። «ስኮርት፣ ትርፍ ጎማ እንኳ የለንም!» አለች።

«ስኮርቱ የነበረበት ቦታ ላይ የውሃ በርሜል ካልገባ ብሎ የወጠረኝ ማን ነበር?»

እሷ ነበረች። ይህም ሌላ ንዴት ሆነባት።

ሹፌሩ «ይበየድ» አለ። ጎሚስታው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «የተሰነጠቀ ቸርኬ አስበይጄ ሰው አልገድልም። ይቀየር።» ካገለገለ ዕቃ መሸጫ ግቢ ውስጥ፣ ከብረት ክምር ሥር፣ ብሎኖቹ ልክ በልክ የሚገጥሙ አንድ ቸርኬ ተገኘ። ደስ አላቸው። አምጥተው ሲሞክሩት የመሃሉ ቀዳዳ በጥቂት ሚሊሜትር ጠበበ። ብረት በማሽን ወደሚሞርዱበት ቶርኖ ቤት ይዘውት ሮጡ፤ ባለሙያው ምሳ ወጥቷል። ባለሙያው ሲመጣ መብራት ሄደ። ሲስተር ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ሆና የቆመውን ማሽን እያየች «ምነው አንድ ነገር እንኳ ቢሳካ!» አለች ጮክ ብላ፤ ባለሙያው ለእሱ መስሎት ይቅርታ ጠየቃት።

ወደ ጎሚስታው ቤት ስትመለስ አንድ አውቶቡስ ቆመ። መጀመሪያ የወረደው ሻንጣ ነው። ቀጥሎ እትዬ በዱላቸው እየተመረኮዙ ወረዱ።

«እትዬ! ብቻዎን?»

«ቦታውን በስልክ ነግረሽኝ የለ፤ ሰዉ ደግፎ አሳፈረኝ። የእናንተ ቤት ጎማ እያላት ካልመጣች፣ እኔ ራሴ መጣሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው የፈጀብኝ። አንድ ሰዓት ተኩል!» ክሪክ ላይ ወደ ተንጠለጠለችው መኪና በቀጥታ አመሩ። ባልና ሚስቱ «አይግቡ!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። እትዬ ቆሙና ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከቱ። «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

ጎሚስታው ወንበር አመጣላቸው።

መብራቱ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መጣ። ቀዳዳው ተሰፋ፣ ቸርኬው ተገጠመ፣ መኪናዋ መሬት ወረደች። ሲስተር እንደገና ካርቶኑ ላይ ተኝታ በሲሪንጇ ዙሪያውን ረጨች። አንዲት አረፋ አልወጣችም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ደክሟታል፣ ፀጉሯ ግራሶ ነክቶታል፣ ከባሏ ጋርም መነጋገር አላሰኛትም። እትዬን ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጣ እሷ ከኋላ ተቀመጠች።

ሐይቁ ዳር የደረሱት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ሐይቅ የሚባል ግን አልታየም፤ ጉም ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ኧረ እስከ ትናንት ድረስ ማዶው ላይ ያለው ፍየል ይቆጠር ነበር» አለ። ሲስተር ጥርሷን ነክሳ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ከነዳጅ ማደያው ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘል፣ ሁሉንም ነገራቸው። ሲስተር በተከፈተው በር በኩል ሰማችው። ይህን ማክሰኞ ቢናገረው ኖሮ!

«ወይ ልጄ» አሉ እትዬ ረዘም አድርገው። «እንግዲህ ቤታችሁ እዚሁ ናት አይደል? እስኪገለጥ እንቀመጣለን።»

ሁለት ቀን ተቀመጡ። አልጋውን ለእትዬ ሰጥተው ባልና ሚስቱ ወለሉ ላይ ተኙ፤ ሹፌሩ ያንኮራፋል፣ ሲስተር በክርኗ ትጎሽመዋለች። ሰኞ ጠዋት ጉሙ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነሳ። ውሃው ብልጭ አለ። ሲስተር እህቷን በክንዳቸው ይዛ ዳር ድረስ ወሰደቻቸው። እትዬ ዓይናቸውን አጥብበው ለረጅም ጊዜ አዩ፤ የሚያለቅሱ መስሏት ሲስተር መሐረብ ፈለገች።

«ያ ሥሩ ልብስ የምናጥብበት ዛፍ የት ሄደ?» አሉ እትዬ በቁጣ። «ማነው የቆረጠው?»

ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አላወሩም። ዓሣ አጥማጁንም፣ መንገደኛውንም፣ ሹፌሩንም ስለ ዛፉ አፋጠጡ። ሹፌሩ «እኔ አይደለሁም፣ እትዬ፣ ይሄኛው ጥፋት እንኳ የኔ አይደለም» ሲል ሲስተር ሳቀችና፣ ገና እንዳልታረቀችው ትዝ ሲላት ፊቷን አዞረች።