ከወንዙ ዳር ያበጀነው ቦይ

በጦርነቱ ጊዜ፣ በሰው አገር በምንኖርባት ከተማ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ያለውን የሱኑጥ ደን ሁሉም ሰው ቆረጠው። እኛም ቆርጠናል። ሱኑጥ የእኛው አገር ግራር ዘመድ ነው፤ እንጨቱ ጠንካራ፣ ፍሙ ቶሎ የማይሞት። ጋዝ በጠፋበት ጊዜ እኔም ቅርንጫፉን ተሸክሜ ቤቴ ገብቻለሁ።

ከተማዋ ረጋ ስትል የደኑ ጠባቂ ሽማግሌ የሰፈሩን ሰው ጠርተው ለየቡድኑ ቦታ አከፋፈሉ። ሻይ እያፈሉ ለሚኖሩ ስድስት ሐበሻ ሴቶችና ለእኔ ከወንዙ አጠገብ ዝቅ ያለ ቦታ ደረሰን። ውሉ አጭር ነበር። ዛፉን እንደገና እናበቅላለን። የዓባይ ሙላት ሲያልፍ ከችግኙ ግማሹ ቆሞ ከተገኘ ቦታው በእኛ እጅ ይቆያል፣ የደረቀ እንጨትም እንለቅማለን፤ ካልተገኘ ለሌላ ይሰጣል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ሐበሻ ጎብኚ ሲመጣ ስለ ደኑ የማስረዳው እኔ እንድሆን ተባለ።

ዘሩን ሙላቱ በሸሸበት ጭቃ ላይ ዘራን። በሰኔ ችግኙ ጉልበት ደረሰ፤ እኔም ስለ ውሃው ማሰብ ጀመርኩ። ያደግኩት መረሬ አፈር ባለበት ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ አባቴ ከማሳው ውሃውን ሳያጠነፍፍ ሌላ ሥራ አይጀምርም ነበር፤ ውሃ የተኛበት ስንዴ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሴቶቹም የገበሬ ልጆች ስለሆኑ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሽማግሌው ሶባ በሚባለው ሰፈር የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ሄደው ነበር። እኛ በዕረፍት ቀናችን፣ ሦስት ዓርብ ቆፈርን። በወንዙ በኩል ክትር ሠራን፣ በመሃል ቦይ አወጣን።

ሽማግሌው ተመልሰው ሲያዩት ዱላቸውን ይዘው ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

«ያ ሐጃ» አሉኝ። ክርስቲያን መሆኔን እያወቁ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ እንዳይገባ ነው።»

«ሱኑጥ እኮ ሦስት ወር ይጠጣል፣ ዘጠኝ ወር ይጾማል። እናንተ የሚጠጣበትን በር ዘጋችሁበት!»

ከሴቶቹ ቀልደኛዋ በአማርኛ «እትዬ፣ ከእኛ የባሰ ጾመኛ ተገኘ» አለች። ሌላዋ ግን ዶማዋን ጣለች። «ሦስት ዓርብ ወገቤ የተቆረጠው ለዚህ ነው? የተማረ ይግደለኝ ስንል፣ ይኸው ገደሉን!»

ሽማግሌውን ሙላቱ መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኳቸው።

«በዚህ ሳምንት፣ ኢንሻላህ። ያላ፣ አፍርሱት።»

በሁለት ቀን አፈረስነው። ውሃው ግራጫ ሆኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። መጀመሪያ የችግኞቹ ጫፍ ይታይ ነበር፤ ኋላ እሱም ጠፋ። ለሳምንታት በዚያ ስናልፍ የምናየው ውሃና ወፎች ብቻ ነበር።

ውሃው ሲሸሽ ሽማግሌው እያንዳንዱን ችግኝ በዱላቸው ጫፍ እየነኩ አለፉ። የቆመው ከግማሽ ጥቂት በለጠ። የሞቱት አብዛኞቹ በክትሩ ግርጌ የነበሩት ናቸው፤ ስንቆፍር ሥራቸውን ነክተናል። «ኸላስ፣ አለቀ፤ ቦታው የእናንተ ነው» አሉ ሽማግሌው።

የመጀመሪያዎቹ ሐበሻ ጎብኚዎች ከነልጆቻቸው መጡ። ስለ ዛፉ፣ ስለ ሙላቱ፣ ስለ ወፎቹ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ወንዙ ዳር ያለውን ባዶ መስመር አይተው «እዚህ ጋ ምን ነካው?» አሉኝ። ውሃ ወሰደው ብል የሚያጣራ አልነበረም። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኩ። ክትሩና ቦዩ የት የት እንደነበሩ በእጄ አሳየኋቸው።

አዛውንቱ አፈሩን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉ። «እኔም ብሆን እቆፍር ነበር።»

«ለዚህ ነው የምነግርዎ» አልኳቸውና ልጆቹን ይዤ ወደቆሙት ችግኞች አለፍኩ።