ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት

አጎቴ የሚጥል በሽታ የጀመራቸው በወጣትነታቸው፣ አቃቂ ፋብሪካ ሲሠሩ ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ጸጥ ቢያደርግላቸውም የበሽታውን ስም ግን አይጠሩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» ይሉን ነበር።

የኮሮና ክትባት ሲመጣ ሐኪማቸው፣ «የክትባቱ ትኩሳት ቀላል ነው፤ ለእርስዎ የሚያሰጋው የኮሮናው ነው» አሏቸው። እሺ ብለው አብረን ወጣን። ጤና ጣቢያው መግቢያ ጋ ስንደርስ ግን ቆሙ።

«ልጄ፣ መርፌው ቢቀሰቅስብኝስ? ሰው ፊት ልውደቅ?»

«እኔ አለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«አንተማ አለህ» አሉና ወደ ታክሲ ተራው ተመለሱ።

በዚያው ክረምት ኮሮና ያዛቸው። ትኩሳቱ ያን የፈሩትን ነገር ቀሰቀሰባቸው። ወለሉ ላይ ወድቀው ሲንቀጠቀጡ ጭንቅላታቸውን በእጄ ደግፌ ነበር። ሆስፒታል ብናደርሳቸውም አልነቁም።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ባለቤታቸውን ለማስከተብ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሷ መርፌውን እያዘጋጀች፣ «እማማ፣ ከቤት ያልተከተበ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እሳቸውም ጋሼ ደርሰው ወደ ተመለሱበት በር ዞረው አዩ።

«አለ» አሉ። «እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ።»

እኔም ዞሬ አየሁ።