ከዱዓ በኋላ የተናገርኩት ውሸት

በውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ የሰማሁት የተጫዋቾቹን መለያ ገመድ ላይ ሳሰጣ ነው። ረፋድ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ድምፁ ከሩቅ ነበር የሚሰማ፤ ያን ቀን ግን የቤቴ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። አላህ ያውቃል፣ ከልጄ ከሰይድ እኩል በልቤ የመጣው መላኩ ነው፤ የበደልኩት ሰው። ይህን በደል ይዤ ስንት ዓመት ከሰው ጋር በላሁ ጠጣሁ፣ አንዲት ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። እንግዲህ ዛሬ ይውጣ።

መላኩ የሐይቅ ወጣቶች ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነበር። ቡድኑ ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሲቋቋም እኔ መለያ አጣቢ ሆንኩ፣ ሰይድ ተከላካይ ሆነ። ዋናው አሰልጣኝ ታመው ቤት ሲውሉ ማን ይተካቸው ተባለ። አንዳንዱ መላኩ ይሁን አለ። ሌላው ደግሞ የልምምድ ኮን ከመደርደር በቀር ምን አሳይቶናል ብሎ ሳቀበት።

አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር ራሱ የመራው፣ ውጫሌ ላይ። ሰይድ ጉልበቱ አብጦ ደብቆ ገባ። መላኩ አሯሯጡን አይቶ ዕረፍት ሳይደርስ አስወጣው። ልጄ ተናዶ ገበያው ውስጥ ገብቶ ተሰወረ። መላኩ ወደ ሐይቅ ሊመለሱ ሲሉ ልጆቹን ቆጥሮ አንድ ቢጎድልበት፣ ሌሎቹን ከሹፌሩ ጋር ሸኝቶ እሱ ፍለጋ ቀረ። አገኘውና እጁን ይዞ ደጄ ድረስ አመጣልኝ። ሲያስረክበኝ ያየ ጎረቤት አልነበረም። ጉልበቱ እስኪድን አይጫወትም አለኝ። አመሰገንኩት? አላመሰገንኩትም። ልጄን በሰው ፊት አዋረደው ብዬ ተቃጠልኩ። ይህ ሰው ዋና ከሆነ ልጄ ወንበር ላይ ሊቀር ነው አልኩ።

ልጆቻችንን ይዞ አገር ላገር የሚዞር ሰው ስለሆነ ምርጫው ለወላጅ ተሰጠ። ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ሸህ ይመር ዱዓ አደረጉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። በእኛ ዘንድ ዱዓ ከተደረገ በኋላ የተነገረ ቃል አይመረመርም። ማን ደፍሮ ይዋሻል ተብሎ ነው። ሸሁ፣ ልጆቹን አደራ ብንሰጠው ይችላል ወይ፣ የሚያውቅ ይናገር አሉ።

እኔ ተነሳሁ። "የጣለውን ልጅ ፈልጎ እንኳ አላገኘም" አልኩ። "ልጄ ብቻውን ነው ቤቱ የገባ።"

ይችን ነው ያልኩት። መላኩ መሬት መሬት አየ። እሱን የጠየቀው የለም። ሸሁ እናት ተናገረች አሉ፣ ነገሩ አለቀ። ዋናውን ከሌላ አገር አመጡ። መላኩ ኮኑን ይዞ ቀረ፤ የሰፈር ጎረምሳ ሙሉ ኮሎኔል እንደማለት "ሙሉ ኮን" እያለ ይጠራው ጀመር። ስሙን ማን አወጣለት? እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ሳላውቅ ነው እንዳልል አውቃለሁ። ለልጄ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ፍርሃት ሰውን ዝም ያሰኛል እንጂ ውሸት አይደረድርም። እኔ ነኝ የደረደርኩት።

ቆርቆሮው በተንቀጠቀጠበት ቀን ከሌላ አገር የመጣው ዋና አሰልጣኝ ቤተሰቡን ሊያይ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ነበር። አልፈርድበትም። ቤት ለቤት ዞሮ ልጆቹን የሰበሰበው መላኩ ነው። እኔም ደጅ ደረሰ።

"እትዬ ዘሀራ፣ መለያውን ይተዉት። ጫማ ያድርጉ" አለኝ።

አስፋልቱ በሰውና በከብት ተጨናንቆ ስለነበር በእርሻው መሀል በእግር ወደ ደሴ አወጣን። እሱ ከፊት ሆነ። እኔን፣ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ፣ ልጅ እንዳይቀርብን አለኝ። ልጅ ጣለ ያልኩት ሰው ልጆቹን እኔኑ አስቆጠረኝ። አሥራ አራት ነበሩ። ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ቆጠርኩ። ሰይድ ሲያነክስ ተመልሶ አዘለው።

ደሴም የሚያስቀምጥ አልሆነም። በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ገባን፣ ተፈናቃይ ያረፈበት ትምህርት ቤት። በማግስቱ መላኩን ለብቻው ጠርቼ ዋሽቼብሃለሁ አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ለምን እንደሆነም ሰይድ ያኔውኑ ነግሮኛል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ዱዓ ተደርጎ የተናገረችን እናት ውሸታም ልበላት?"

ቀስ ብሎ፣ ይተዉት አለፈ አለኝ። አላለፈም። ልጆቹ እዚህ ግቢ ውስጥ ኳስ ጀምረዋል። ማን ይያዛቸው ሲባል ትናንት አንድ አባት፣ ልጅ የጠፋበት ሰው አይሆንም ሲል ሰማሁ። ቃሌ እኛን ተከትሎ እዚህ ድረስ መጥቷል። በዱዓ ፊት የተነገረ በዱዓ ፊት ነው የሚነሳ። ሸህ ይመር ከእኛ ማዶ ካለው ክፍል ናቸው፤ ሄጄ ለዓርብ ወላጅ ሰብስቡልኝ፣ ዱዓ አድርጉልኝ አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ዓርብ እቆማለሁ። ያፈረብኝ ይፈርብኝ፣ የረገመኝ ይርገመኝ፤ ሰይድም ከአፌ ይስማ።

እዚህ ተኩስ አይሰማም። አሥራ አራቱም አሉ፣ ልጄ አለ። ደርሰናል፣ ደኅና ነን። ያደረሰን አይችልም ያልኩት ሰው ነው። ከዓርብ በፊት ማንንም አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልልም።