ገጀራ ያቆመው ሰሌዳ

ምራቴ ቡላ ስታፈላ ሽታው ከጓዳ እስከ በረንዳው ድረስ ይመጣብኛል። ሌላ ሰው ገንፎ ይሸተዋል፤ እኔን ሙጫ ይሸተኛል። አንተ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሥራ ለማግኘት በኮምፒውተርህ የምትደረድረውን፣ ፖርትፎሊዮ የምትለውን የሥራ ስብስብ እኔ በቡላ ነው የሠራሁት። አትሳቅ። በሶዶ ከተማ ከእኔ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ተማሪ ካለ ስሙን ንገረኝ።

መንግሥት ሲለወጥ ከሠራዊቱ ከተበተኑት አንዱ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት ምሽግ ውስጥ፣ ትምባሆ ከምንጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው፤ ያስተማረኝ የለም። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በግል ተፈትኜ አለፍኩና ጺሜን ተላጭቼ ከልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ልጆቹ “ጋሼ ወታደሩ” ይሉኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ዋና አዘጋጅ ሆንኩ። ማን ሊወዳደረኝ?

ጋዜጣችን የግድግዳ ጋዜጣ ነበር። በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ በር የሚያክል ኮምፔንሳቶ ተሰቅሏል። ሙጫ መግዣ ስላልነበረን ከየቤታችን ቡላ እያመጣን፣ በጣሳ አፍልተን እንለጥፍበታለን። ቡላ ደግሞ ከያዘ አይለቅም። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ላይ እንለጥፋለን፤ ሲደራረብ ሲደራረብ ሰሌዳው እንደ በሬ ቆዳ ወፈረ። ጽሑፎቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ቅጂ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከዞኑ ማስታወቂያ ቢሮ መልእክት መጣ፤ ከተማሪዎች መካከል አንድ ዘጋቢ በደመወዝ ይቀጠራል፤ አመልካች የሠራቸውን ጽሑፎች ሰብስቦ እስከ ረቡዕ ያቅርብ የሚል። ለእኔ ይህ ማለት ከትምህርት በኋላ ጆንያ ከመሸከም መገላገል ነበር። ሰሌዳውን አውርጄ፣ በውሃ አርሼ፣ ጽሑፎቼን አንድ በአንድ ልልጣቸው አሰብኩ። ችግሩ የላይኛው ወረቀት ነው። ሲርስ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። እሱ ደግሞ የአንዲት ልጅ ነበር።

ልጅቷ ጽሑፎቻችንን በሚያምር እጇ የምትገለብጥልን የክፍሌ ተማሪ ነበረች። ከሳምንት በፊት ከሻንቶ ገበያ ስትመለስ አንድ ሰው ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ጠለፋት። አፏን በነጠላዋ አስረው ጎተቷት፤ አልሄድም ስትል መንገድ ላይ ጥለው ረገጧት። ሁለት ሌሊት አሳድረዋት የጎጆውን ክዳን ቀድዳ አመለጠች። ከንፈሯ ተተርትሮ፣ አንድ ዓይኗ ተደፍኖ ክፍል ገባች። ቤትሽ ሂጂ ስንላት “ወረቀት ስጡኝ” አለች። የጠለፋትን ሰው ስም፣ የወንድሞቹን ስም፣ በምን እንደመቷት ጭምር ጻፈች። ከታች ፈረመች። እኔ አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልነካሁባትም። እኔ ያላረምኩት ጽሑፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈም።

“ጋሼ፣ መቼ ነው የምትልጠው?” አለችኝ።

“የአንቺ በደንብ ይነበብ።”

“ረቡዕ ያልፍብሃል እኮ!”

“ማክሰኞ ከሰዓት ይበቃኛል።”

ያን ስልክህን ዝጋውና ስማኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ደወሉ ሳይመታ መጡ፤ ጠላፊውና ሁለት ወንድሞቹ። ዘበኛው “ወዴት ናችሁ?” ሳይል ጭንቅላቱን በዱላ ብለው ጣሉት። “ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት!” ይላል ጠላፊው። “ስሜን ግድግዳ ላይ የጻፈች እጅ የታለች?” ልጅቷ ሰሌዳው ሥር ቆማ ነበር። ሹሩባዋን በእጁ ጠቅልሎ መሬት ለመሬት ጎተታት። ልጆች ድንጋይ አዘነቡ፤ አንደኛው ወንድም ፊት ለፊቱ ያገኘውን ተማሪ አፉን በቡጢ ሲለው ጥርሱ ከደሙ ጋር አቧራው ላይ ወደቀ።

እኔ ጦርነት ያየሁ ሰው ነኝ፤ መሣሪያ ግን አልነበረኝም። ሰሌዳውን ከነሚስማሩ ገነጠልኩት። እንደ ጋሻ ይዤ መሃል ገባሁና በጠርዙ የጠላፊውን ክንድ ስመታው ሹሩባዋን ለቀቀ። ያን ጊዜ ገጀራ መዘዘ። የመጀመሪያው ምት የግራ እጄን ሁለት ጣቶች ወሰደ። ሁለተኛው ሰሌዳው ላይ አረፈ። ኮምፔንሳቶው ብቻ ቢሆን ኖሮ አንገቴ ድረስ ይወርድ ነበር። ገጀራው ግን የልጅቷን ወረቀት በጥሶ፣ ስለ ቡና ዋጋ የጻፍኩትን፣ ስለ ቧንቧ ውሃ የጻፍኩትን፣ የእግር ኳሱን ዘገባ እየበጠሰ ገባና ተሰነቀረ። ቢጎትተው እምቢ አለ። በግንባሬ አፍንጫውን መታሁት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ከወደቀም በኋላ አልተውኩትም፤ መምህራን ናቸው ከላዩ ላይ ያነሱኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ጽሑፉ ገጀራ ያቆመለት ጋዜጠኛ ታውቃለህ?

ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ ሽማግሌዎች ያዙት። ረቡዕ ዕለት ነገር በሚዳኝበት ሜዳ፣ ዱቡሻ ላይ ተቀመጡ። እጄን ኦቶና ሆስፒታል አሰፍቼ፣ ሰሌዳውን ከነገጀራው ተሸክሜ ወጣሁ። ጽሑፌን የማቀርብበት የዞኑ ቢሮ ወደ ላይ ነው፤ ዱቡሻው ወደ ታች። የልጅቷ አባት አንገቱን ደፍቶ ሲወርድ አየሁት። ሁለት ሌሊት ያደረች ልጅ ለጠላፊዋ ትሰጥ ብለው ሊፈርዱ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያወራ ነበር። ወደ ታች ወረድኩ።

የጠላፊው አጎት ተነስቶ “ልጃችን አጥፍቷል፤ ከብት እንሰጣለን። ልጅቷን ግን ከእንግዲህ ማን ያገባታል?” አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ሰሌዳውን መሃላቸው ጣልኩት።

“ደም ፈሶ ጋብቻ ይወራል ወይ?” አልኩ።

ደም ከፈሰሰ አስቀድሞ የሚታረቀው ደሙ ነው፤ የቆሰለው ሰው ካሳውን ሳይጠራ ሌላ ነገር አይነሳም። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ሽማግሌ ሲፈርድ ከዳር ቆሜ የያዝኩት ነው።

“እንግዲያ ካሳህን ጥራ፣ ልጄ” አሉኝ ታላቁ ሽማግሌ።

መጀመሪያ የልጅቷን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አባቷ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ከዚያ “ላም አልፈልግም” አልኩ። “ካሳዬ ይህቺ ልጅ ናት። ማንም አይንካት፤ ትማር።”

የጠላፊው አጎት ሳቀ። “አያችሁ? ለራሱ ነው! ወታደሩ በሁለት ጣት ሚስት ሊገዛ!” ሜዳው በሳቅና በጩኸት ተናወጠ። ከሁለቱም ወገን ዱላ ተነሳ።

“ለራስህ ነው?” አሉኝ ሽማግሌው።

በዚያ ሜዳ ላይ ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ አልነበረም። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ልጅቷ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ባልተደፈነው ዓይኗ ታየኝ ነበር።

“አይደለም።”

“ማል።”

አላገባትም፣ ደጇን አልረግጥም፣ ቃል አላወራትም፤ ብዋሽ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ ብዬ ማልኩ። እነ ጠላፊውም ላይነኳት ማሉ። ዱላው ወረደ።

የዘጋቢነቱን ሥራ ሌላ ልጅ ወሰደው። ጥሩ ልጅ ነበር፤ እኔን ግን አያክልም። እኔ አሥራ ሁለተኛን መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዋን እያየሁ ጨረስኩ። ፈተናውን እሷ አለፈች። እኔ ያላለፍኩት ፈተናው ስለማይመጥነኝ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የምትሄድበት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ጭነት እጭን ነበር። ሻንጣዋን ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች።

“ጋሼ” አለች።

መሐላዬን አስቤ ጭነቱን ማሰር ቀጠልኩ።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ አልማልኩም። እኔ ላውራ፣ አንተ ስማ።”

ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አወራች። ምን እንዳለችኝ አልነግርህም። ሻንጣዋን ጣራው ላይ ጫንኩላት፤ ገመዱን በተረፉት ጣቶቼ አጥብቄ አሰርኩት። በዚያ አውቶቡስ ተራ እንደ እኔ ጭነት የሚያስር ሰው አልነበረም። እስከ አዲስ አበባ አይፈታም።