ከዚህ እስከዚያ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ምናልባት» ነው የሚሏት። ሥራዋ በከተማው ዳር የሚሠሩት ብዙ የመኖሪያ ሕንፃዎች መቼ እንደሚያልቁ መገመት ነው። ሲሚንቶ ሊጠፋ፣ ዝናብ ሥራ ሊያስቆም፣ ሊፍቱ ወደብ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቆርጣ ተናግራ አታውቅም። «ከዚህ እስከዚያ ባለው ጊዜ» ትላለች። አለቆቿ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ የሚቀመጥም እምብዛም የለም፤ መጥፎ ወሬ ይዛ የምትዞር ይመስላቸዋል።

ታላቅ እህቷ ከእነዚያ ሕንፃዎች በአንዱ ቤት ገዝታ ነበር። መቼ እንደምትገባ ስትጠይቃት ታናሽየዋ እንደ ልማዷ፣ «ከክረምቱ መግቢያ እስከ በጋው ማለቂያ ድረስ፤ ወደ በጋው ሳያዘነብል አይቀርም» አለቻት። በእህቷ ጆሮ የገባው ክረምት የሚለው ብቻ ነበር። የኪራይ ቤቷን ለቀቀች። ክረምቱ ሲገባ ሕንፃው ገና መስኮት እንኳ አልተገጠመለትም። ታላቅየዋ ፍራሿንና ድስቶቿን አስጭና መጥታ በታናሿ በር ላይ ቆመች።

«ክረምት ብለሽኝ አልነበር?»

«ከክረምት እስከ በጋ ነው ያልኩሽ፣ እትዬ።»

«እሱን ሁሉ ማን ይሰማል? በይ ይህን ያዢልኝ።»

ብቻዋን መኖር ለለመደችው ሴት ቤቱ ጠበበባት። እትዬ ታንኮራፋለች፣ ዕቃውን ሁሉ ቦታ ታቀያይራለች። መጀመሪያ ላይ ውስጥ ውስጡን ተነጫነጨች። እያደር ግን ከሥራ ስትወጣ እግሯ ይፈጥን ጀመር። ኮቴዋን ሰምቶ «መጣሽ?» የሚላት ሰው አገኘች።

በጋው ሲጋመስ አለቃዋ የዚያን ሕንፃ ግምት እንደገና እንድታወጣ አዘዛት። ሊፍቱ ገብቷል፤ ቀለም ቅቡም ተጀምሯል። ስታሰላ ልቧ ወደ ራቀው ቀን ሲያደላ ታወቃት። ሰበብ አታጣም፤ የውሃ መስመሩ ይዘገያል ብትል ማንም አይከራከራትም። እንደዚያ ብላ ጻፈችና ትንሽ ቆይታ ሰረዘችው። እውነቱን አስቀመጠች፦ ቶሎ ያልቃል። አለቃው ያን ቀን ፊቱን ፈታላት።

«ዛሬስ ደህና ነገር ይዘሽ መጣሽ» አላት።

እንደገመተችውም አለቀ። እትዬ፣ «ነይ እንጂ፣ ሩቅ እኮ አይደለም» ብላት ሄደች።

በመጀመሪያው እሑድ ታናሽየዋ ልትጠይቃት ሄደች። ቤቱ በአዳዲስ ጎረቤቶች ሞልቷል፤ እትዬ ወዲያ ወዲህ ስትል ለወሬ ጊዜ አጣች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ሥራዋን ብትጠይቃት ነገረቻት።

«እናንተ ናችኋ ታዲያ ያቆያችሁን» አለች ሴትዮዋ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ሻይዋን ጨርሳ ወጣች። አውቶቡስ ላይ ከፊቷ እህትማማች የሚመስሉ ሁለት ሴቶች ስለ ወንድማቸው ልጅ እየተቀባበሉ ያወሩ ነበር። ጆሮዋን ጥላ ስትሰማቸው መውረጃዋ አለፋት።