የሚንተባተበው ጥሪ

ኮች ሮይስ ቲድዌል ዕድሜ ልኩን የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ የኮሌጅ ኳርተርባኮችን ማሠልጠን። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም። አንድ ኮሌጅ ለምኖት እምቢ ብሏል ይባላል። ስጠይቀው ግን «ማን ለመነኝ?» ብሎ አፉን ዘግቶ ሳቀ። ሁልጊዜ የሚስቀው አፉን ዘግቶ ነበር።

ስለ እሱ መጻፍ ያለበት ከእኔ የተሻለ ሰው ይመስለኛል። እኔ የመኪና ጎማ መጠገኛ ቤት ነው ያለኝ። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በታሎዋ ኮሌጅ ሜዳ ጠርዝ ላይ ያርድ የሚለካበትን ሰንሰለት እይዛለሁ፤ ስለዚህ ከተመልካቹ ሁሉ ይልቅ ለልጆቹ ቅርብ ነኝ። የሚሉትን እሰማለሁ።

በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው ልጅ ነው። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ልጆች ያጎነብሳሉ። እሱ ከኋላቸው ቆሞ «ሰማያዊ ሰማንያ! ሰማያዊ ሰማንያ!» እያለ ይጮኻል፤ መጨረሻ ላይ «ሃት!» ሲል ኳሱን ይቀበላል፣ አምስቱም ይነሳሉ። ከዚያ በፊት የተነቃነቀ ወገን አምስት ያርድ ወደ ኋላ እንዲመለስ ይቀጣል። በዚህ ምክንያት ጥሪው ራሱ ወጥመድ ነው። ጎበዝ ኳርተርባክ በድምፁ ብቻ ተጋጣሚውን ያለ ጊዜው ያስነሳዋል።

ቲድዌል ገና ጎረምሳ ሳለ ወደ ከተማችን ሲመጣ፣ መጀመሪያ እጁ ላይ የወደቀው ኳርተርባክ ዱዊ ኦደም ይባላል። የዚሁ የእኛው ሚሲሲፒ ልጅ ነው፤ እናቱ ሚስ ኦፓል ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይኖራሉ። ዱዊ ክንዱ ድንቅ ነበር፤ አፉ ግን ይያዝበታል። በተለይ «ሃ» የምትለዋ ድምፅ ጉሮሮው ላይ ትሰካለች። «ሃት» ለማለት «ሃ… ሃ…» እያለ ሲታገል የራሱ ልጆች ይነቃነቁና ቅጣት ይመጣባቸዋል።

የዚያን ጊዜው ዋና አሰልጣኝ «ይሄን ልጅ አፍ የማይጠይቅ ቦታ ውሰደው» አለው።

«ተጋጣሚዎቹም እኮ እየተነቃነቁ ነው» አለ ቲድዌል።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እሱን መንካት የለብንም።»

እውነትም ዱዊን አልነካውም። አምስቱን የፊት መስመር ልጆች ነው የሠራቸው። በነሐሴ ሙቀት፣ ላባቸው ሣሩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አጎንብሰው እንዲቆዩ አደረገ። «‘ሃ’ ስትሰሙ ድንጋይ ናችሁ! አሥር ጊዜ ቢል ድንጋይ ናችሁ! ቃሉ ሳያልቅ የተንቀሳቀሰ ምሳውን ሜዳ እየዞረ ይበላል!» ይላቸው ነበር። በመኸሩ ታሎዋ ማንም ያልጠበቀውን ያህል አሸነፈ። ተጋጣሚዎች በዱዊ «ሃ… ሃ…» እየተደናገጡ ሲነሱ፣ የእኛዎቹ እንደ ተተከለ ምሰሶ ንቅንቅ አይሉም። ሕዝቡ ያንን ለማየት ይመጣ ነበር። ልጆች በየመንገዱ «ድንጋይ!» እየተባባሉ ይጫወቱ ነበር።

በቀጣዩ በጋ ዱዊና አምስቱ ልጆች ሐይቁ ዳር ዓሣ ሊጠብሱ ሄዱ። ዱዊ እየዋኘ ራቅ አለ። ከውሃው ላይ «ሃ… ሃ…» ሲል ሰሙት። ሳቁ። አንዱ «ድንጋይ!» ብሎ ጮኸና አምስቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ አንዱ ቢራውን እንደያዘ፣ አንዱ መጥበሻው ላይ እንዳጎነበሰ። በእንግሊዝኛ «እርዱኝ» ማለት «ሄልፕ» ነው፤ በዚያችው ትንፋሽ ይጀምራል። ቃሉ እስኪያልቅ ጠበቁ። ቃሉ አላለቀም።

ቲድዌል ከቀብሩ በኋላ ከተማውን ለቀቀ። ኦሃዮ ሄደ፤ ቀጥሎ ካንሳስ። አሰልጣኝ ዘላን ነው፤ ሚስቱ ጃኔል መጋረጃ ሰቅላ ሳትጨርስ ይነሣሉ። በሄደበት ሁሉ ቀጥ ያለ፣ አጭር ጥሪ ነው ያስተማረው። ስለ ዱዊ ለማንም አልተነፈሰም። ኦሃዮ በገባ በሁለተኛው መኸር ግን፣ ሚሲሲፒን በካርታ እንጂ የማያውቅ አንድ ልጅ ልምምድ ላይ ቆሞ «ሰማያዊ ሰማንያ… ሃ… ሃ… ሃት!» አለ።

ቲድዌል ፊሽካውን ከአፉ ጣለ። «ማን አስተማረህ?»

«ማንም ኮች። ዛሬ እንዲሁ መጣልኝ።»

«ተወው።»

«እሺ ኮች» አለ ልጁ። ግን አልተወውም። ሊተወው አልቻለም። ካንሳስም እንደዚያው ሆነ። ቡድኖቹ በዚህ ስለሚያሸንፉ የኮሌጆቹ ሰዎች ቲድዌልን ያሞግሱት ነበር፤ የእሱ ኳርተርባኮች ልዩ ጥሪ አላቸው ይባልለት ነበር። እሱ ቤቱ ውስጥ «ሃ» የሚል ድምፅ ካፉ ማውጣት ትቶ ነበር። ጃኔል «ሲያዛጋ እንኳ አፉን በእጁ ያፍናል» ብላ ለባለቤቴ አጫውታታለች።

ካረጀ በኋላ ታሎዋ ጠራው፤ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ጥሪው እዚህ ከሁሉም ቦታ ባሰ። ሚስ ኦፓል በየቅዳሜው መምጣት ጀመሩ። ከእኔ ጀርባ፣ ከታችኛው አግዳሚ ላይ ብርድ ልብሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጨዋታ አያዩም። አንድ ቅዳሜ ኳርተርባካችን ከተጣራ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» አሉኝ። ስለ ሜዳው ልጅ የሚያወሩ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ቤቴ ገብቼ እራት ስበላ ነው የገባኝ። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

ያለፈው መኸር ኳርተርባክ ቶቢን ጋስኪንስ ነበር፤ ከሉዊዚያና የመጣ፣ ምላሱ የማያርፍ ልጅ። ሜዳ በገባ ቁጥር እኔን ሳይለክፍ አያልፍም።

«ሚስተር ሰንሰለት! ዛሬም አሰሩዎት?»

«አንተን ይሰሩህ፣ ዝም በል።»

«ሲፈቱዎት ለአያትዎ ሰላም ይበሉልኝ!»

አያቴ የሞተችው እሱ ሳይወለድ ነው። ግን ያስቃል። በመስከረም እንዲህ የነበረው ልጅ፣ ጥቅምት ሲገባ ወደ እኔ መጥቶ ቆመና «ሚስተር… ሚስተር…» አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልመጣም። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ነገር ቀልድ አልነበረም። ጥሪው ከሜዳ ወጥቶ አብሮት መኖር ጀምሮ ነበር። ምግብ ቤት ምግብ ማዘዝ አቃተው፤ በጣቱ እያሳየ ይበላ ጀመር።

ማክሰኞ ቀን እናቱ ሻርሊን ከሉዊዚያና መኪናዋን እየነዳች መጣች። እኔ ከስታዲየሙ ደጅ የኮቹን መኪና የኋላ ጎማ እየቀየርኩ ነበር፤ ከመኪናው ሥር ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

«አንተ ነህ ኮቹ?»

«አዎ እመቤቴ።»

«ልጄ ትናንት ደወለልኝ። ‘ማነው?’ አልኩት። የወለድኩትን ልጅ ‘ማነው’ አልኩት! ገባህ?»

«ገብቶኛል እመቤቴ።»

«አልገባህም! ፓስተራችን ‘ይሄን ልጅ ወይ አስተኙልኝ ወይ ስብከቱን ስጡት’ ይል የነበረ ልጅ ነው። አሁን የራሱን ስም መጥራት አቃተው። ደግሞ ‘እማ፣ ውሃው ይበርዳል’ ይለኛል። የምን ውሃ? እዚህ ውሃ ውስጥ ነው እንዴ የምትጫወቱት?»

ከኮች ቲድዌል ጫማውን ብቻ ነው የማየው፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ቶቢን እዚህ ምላሱን ጥሎ አይሄድም» አለች። «ወይ ትመልስለታለህ ወይ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እስከ ቅዳሜ ይታገሡኝ።»

«እስከ ቅዳሜ። ከዚያ በኋላ ፊትህን እንዳላይ።»

በማግስቱ ጥሪውን በጭብጨባ ለወጠው። አሁን ብዙ ቡድኖች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ኳርተርባኩ እጁን ሲያጨበጭብ ኳሱ ይመጣል፣ አፍ አያስፈልግም። ቶቢን ደስ አለው። አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ቆመ። እጆቹን ሊያገናኝ ሲል አፉ በራሱ ተከፈተ፤ «ሃ… ሃ…» የሚል ድምፅ ወጣ። ልጁ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ድምፁ ከጣቶቹ መካከል መውጣቱን ቀጠለ። ልምምዱ እዚያ ላይ ቆመ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮቹ ሱቄ መጣ። «ሚስ ኦፓል ዘንድ አብረኸኝ ና፤ ብቻዬን ከሆንኩ ደጁን አልደፍረውም» አለኝ። ሄድን። ሚስ ኦፓል በረንዳቸው ላይ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ነበር። ለእኔ ወንበር አሳዩኝ፤ ለእሱ አላሳዩትም።

«ሚስ ኦፓል፣ ጥሪውን ማስቆም አለብኝ» አለ ቆሞ። «ልጁ እየጠፋብን ነው። እርስዎ ለእሱ ብለው እንደሚመጡ አውቃለሁ…»

«ለምንድነው የምመጣው?»

«ዱዊን ለመስማት።»

ኦቾሎኒውን ከእጃቸው አስቀመጡ። «ሮይስ፣ አንተ ዱሮም ጆሮህ ደህና ነው፣ የሰማኸው ነው የማይገባህ። ልጄን ለመስማት አይደለም የምመጣው። አንድ ሰው እስኪነሣለት ነው የምጠብቀው። በየቅዳሜው ይጣራል። በየቅዳሜው አምስት ጎረምሶች ተጎልተው ይሰሙታል። ሕዝቡም ያጨበጭባል።»

ኦቾሎኒውን መልሰው አነሡ።

«የዚያን ምስኪን ልጅ አፍ ተወው» አሉት። «እግራቸውን ያሰርከው አንተ ነህ። እግራቸውን ፍታ።»

ዓርብ ልምምድ ላይ አምስቱን ብቻ ሰበሰበ። መካከለኛው፣ ኳሱን በእግሩ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለው፣ በር የማያስገባው ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ «ሚጢጢ» ይሉታል።

«ነገ ‘ሃ’ የምትል ትንፋሽ እንደሰማችሁ ተነሱ። ቃሉ እስኪያልቅ አትጠብቁ።»

«ኮች፣ ታዲያ እነሱን በምን እናታልላቸዋለን?» አለ ሚጢጢ።

«አናታልላቸውም።»

«በምን እናሸንፋለን?»

«እኔ እንጃ ሚጢጢ።»

ልጆቹ ተያዩ። ኮቹ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ፀሐይ ነበር፤ ባንዲራው አይንቀሳቀስም። ሻርሊን ከአጥሩ ጋር ቆማ የመኪና ቁልፏን በእጇ ጨብጣለች። ሚስ ኦፓል ከጀርባዬ ናቸው። እኔ ሰንሰለቴን ይዤ ከቶቢን ፊት ለፊት ማለት ይቻላል ቆሜአለሁ። የጨዋታው የመጀመሪያ ኳስ ነው። አምስቱ አጎነበሱ። ቶቢን ግራና ቀኝ አየ፤ ለመጣራት አየር ሳበ። አፉ እንደተዘጋ ነበር። ይህን አይቻለሁ፤ እምልበታለሁ።

«ሃ።»

ሚጢጢ ኳሱን ወደ ኋላ ወርውሮ ተነሣ። አምስቱም አንድ ላይ ተነሡ። ማንንም አልገፉም፤ ተጋጣሚዎቹም አልነኳቸውም፤ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ ጎን ገለል አሉላቸው፤ ለምን እንደሆነ በኋላም መናገር አልቻሉም። አምስቱ ግዙፍ ልጆች በመካከላቸው አልፈው ባዶውን ሜዳ ሮጡ። የኳስ ሩጫ አልነበረም። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚሮጠው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። አልቆሙም። ሜዳው ሊያልቅ ሲል ሚጢጢ በጉልበቱ ወደቀና ሁለት እጁን ወደ ሣሩ ሰደደ፤ የሆነ ነገር ከሥር ይዞ ወደ ላይ ሳበ። የሌሎቹም እጆች ተጨመሩ። ሲስቡ ክንዳቸው ሲወጠር አየሁ። ከዚያ አንድ ላይ ወደ ኋላቸው ተቀመጡና ባዶ እጃቸውን ተመለከቱ።

 ኳሱን ታቅፎ ብቻውን የቀረው ቶቢን ነው መጀመሪያ የጮኸው።

«እኔ ምንም አላልኩም! አፌን እንኳ አልከፈትኩም እኮ! የት ነው የምትሄዱት እናንተ ጅሎች? ሚጢጢ! ኳሱ እዚህ ነው፣ ሰዎቹ እዚህ ናቸው፣ አንተ እዚያ ሣር ትነጫለህ እንዴ? ሚስተር ሰንሰለት፣ ይሄን ጉድ አይተዋል?»

አንድም ቃል አልተያዘበትም። ሻርሊን አጥሩን ይዛ ቁጢጥ አለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከሩቅ መለየት አልቻልኩም። ሚስ ኦፓል ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ተነሡ። ደረጃውን ሲወጡ አንዱ ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ፤ «ተወኝ፣ ደህና ነኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሜዳ መጥተው አያውቁም።

ያን ቀን ክፉኛ ተሸነፍን። ቶቢን ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ልጅ ነበር የሚጣራው፤ ቀጥ ያለ፣ አጭር ጥሪ፤ ማንንም አያታልልም። ቀሪዎቹንም ጨዋታዎች ተሸነፍን፤ በኅዳር መጨረሻ ለኮች ቲድዌል ሥራው እንዳበቃ ነገሩት።

ዕቃውን ወደ መኪናው ሲያወጣ ረዳሁት። ብዙ አልነበረም። የመጨረሻውን ሳጥን ጭኖ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆመ።

«የዚያን ዕለት» አለኝ፣ «እኔ ቶቢንን ነበር የማየው። የኳርተርባክ አሰልጣኝ ዓይኑን ከልጁ ላይ አያነሣም። ሌሎቹን አላየሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«ሚጢጢ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ መኪናው ውስጥ ገባና አስነሣ።