እናቴ የተሳለችው ጃንጥላ

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ሚዛን ተፈሪ ከእናቴ ጋር የምኖር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን እንደፈራሁት ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም፤ ልጅ ስወልድ እንኳ።

ያስታወሰኝ የትናንቱ ጥያቄ ነው። ልጄ ማርታ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ልትሞላ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ውጤቷ ጥሩ ነው።

"እማ፣ ሰው ሁሉ አዲስ አበባን አስቀድሚ ይለኛል። የእኔ ልብ ግን እዚያ አይደለም። አንቺ ምን ትያለሽ?"

መልስ ሳልሰጣት የእናቴ ጃንጥላ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራም። ወደ አማን የሚወስደው መንገድ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። የበቆሎ እሸት በየደጁ ይጠበሳል። የፈተና ውጤቴ ከተጠበቀው በላይ ሆኖ መጣ። ከቅዳሴ ስንወጣ እናቴ ሴቶቹ ሁሉ በቆሙበት ወደ መቅደሱ ዞረች።

"ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ ልጄን አዲስ አበባ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ አስገብተሽ ሐኪም አድርጊልኝ እንጂ፣ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ" ብላ ተሳለች።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቀረሁ።

እንዲያ በአደባባይ የተነገረ ስለት የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ የሰማው ሁሉ ይጠብቀዋል። በሰፈራችን ስለቷን ያስቀረች ሴት ነበረች። ላሟ ስትሞትም፣ ነፋስ ጣሪያዋን ሲወስደውም፣ ሰው ምክንያቱን ሲያንሾካሹክ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

እኔ ደግሞ ደም ማየት አልችልም። ጎረቤት ልጠይቅ ጤና ጣቢያ ሄጄ ፋሻ ሲፈታ አይቼ በሩ ላይ ወድቄያለሁ። ከጅማ የመጣ ባለሱቅ ልጅ የሆነችው ጓደኛዬ ዘይነባ ይህን መቼም አትረሳልኝም።

"አንቺ ዶክተር ስትሆኚ" ትለኝ ነበር፣ "በሽተኛው ከአልጋው ተነሥቶ ውኃ ይረጭብሻል።"

የምወደው ነገር ሌላ ነበር። አባቴ የተወልን የቡና ማሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። እሱ ከሞተ በኋላ ዛፎቹ ይደርቁ ጀመር። ቅጠሉ ይጠወልግና ፍሬው ሳይበስል ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ጎረቤት እርግማን ነው አለ። እኔ አንድ ቀን የደረቀውን ግንድ ቅርፊት በቢላ ላጥኩት፤ ከሥሩ የጠቆረ መስመር አገኘሁ። አልወደቅኩም። ቀጣዩንም ዛፍ ላጥኩ። ያ መስመር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈለግኩ። ያንን የሚያስተምረው የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ በእኛ ከተማ ግን ልጄ እዚያ ገባች ብሎ የሚኩራራ ሰው አልነበረም።

ምርጫችን ሊሰበሰብ አንድ ቀን ቀረው። እናቴን ብሰማ የማልችለው ቦታ እገባለሁ። ባልሰማት የእመቤታችንን ስለት ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ነጎድጓድ በጮኸ ቁጥር የሚጠራው እኔን መሰለኝ። እስከ ቅዳሴ መውጫ ስንጾም ረኀቡ እንኳ አልተሰማኝም።

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን በዝናቡ ተከትዬ ደጀ ሰላሙ ሥር ደረስኩባቸው።

"አባ፣ እናቴ የተሳለችውን እኔ ባፈርሰው ምን እሆናለሁ?"

"ምን ተሳለች?"

"ጃንጥላ።"

"አንቺን ለቤተ ክርስቲያን ተስላለች?"

"ኧረ አልተሳለችም።"

"እንግዲያው ስለቱ ያለው ጃንጥላው ላይ ነው፣ አንቺ ላይ አይደለም። ለእናትሽ ግን አንቺው ንገሪያት። እኔን አትላኪኝ፤ እኔም እፈራታለሁ።"

ቤት ገባሁ። እናቴ ጎደሬ ትልጣለች። ተቀመጪ ሳትለኝ፣ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። ቢላው ቆመ።

"አባትሽን በጭነት መኪና ጭነን ወደ ጅማ ስንሄድ ነው መንገድ ላይ ያረፈብኝ" አለች። "እዚህ አንድ ሐኪም ቢኖር ኖሮ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ።"

"ታውቂያለሽ?" ብላ ጎደሬውን በኃይል ስትቆርጥ ቢላው ጣቷን አገኘው። ደሙ ነጩ ጎደሬ ላይ ተንጠባጠበ። ልደርስላት አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ ግድግዳው ዞረብኝ።

ዓይኔን ስገልጥ መሬት ላይ ነኝ። እናቴ የቆሰለ ጣቷን በጨርቅ አስራ፣ በሌላው እጇ ፊቴን በውኃ ታብሳለች።

"እመቤቴ፣ ሐኪም አድርጊልኝ ያልኩሽ ይህቺን ነው" አለች፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል ቀና ብላ። የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ አለቀሰች።

"አባ ምን አሉሽ?"

"እናትሽ የተሳለችው ጃንጥላውን ነው፣ አንቺን አይደለም አሉኝ።"

እናቴ ተነሣች። ጎደሬውን አጠበች፤ ድስቱን ጣደች።

"ጃንጥላዋን አላስቀርባትም" አለች በመጨረሻ። "አንቺ ልብሽ ወዳለበት ሂጂ።"

የእርሻ ኮሌጁን አስቀድሜ ሞላሁ። ጃንጥላውም ገባ፤ እናቴ ራሷ ዘርግታ ይዛው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ። ለምን እንደገባ የጠየቃት ሰው የለም፤ ወይም የደፈረ የለም። እኔ ይኸው ዛሬም ቴፒ የቡና ችግኝ አፈላለሁ። የአባቴን ዛፎች አላዳንኳቸውም። በቦታቸው የተተከሉት ግን ቆመዋል። ተመስገን።

ይህን ሁሉ ትናንት ለማርታ ነገርኳት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ግን አልነገርኳትም። አንድ ነገር ደበቅኳት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እኔም ልሳል አፌን ከፍቼ ነበር። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅ ርቃ ስትሄድ ያስፈራል፤ ቀርታ ሰው ሲንቃትም ያስፈራል። እናቴንም ያሳላት ይህ ፍርሃት እንደነበር የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። አፌን ዘጋሁ።

ዛሬ ጠዋት ቅዳሴ ሄድኩ። የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ፊት ቆሜ የማርታን የክርስትና ስም ነገርኳት። የዩኒቨርሲቲ ስም ግን አልጠራሁላትም።